ምዕራፍ ሰባት፦ የሁለት ቤት ልጅ

ከተለያዩ እናቶች ቦስተን ውስጥ ተወልደው፣ በጉዲፈቻ አንድ ቤት ያደጉ ሁለት ወንድማማቾችን እናስብ። ታላቅየው በ1973 ተወለደ፤ ታናሽየው በ1975። በ2010 የወለዷቸውን እናቶች ስም ለማወቅ ተያይዘው ወደ ግዛቱ የልደት መዝገብ ቤት ቢሄዱ፣ ታላቅየው ቅጽ ሞልቶና ክፍያውን ፈጽሞ የመጀመሪያውን የልደት ምስክር ወረቀቱን ይቀበላል። ታናሽየው ግን «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘህ ና» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ወንድማማቾቹ ምሳሌ ናቸው፤ ሕጉ ግን በእርግጥ የነበረ ነው። የማሳቹሴትስ ግዛት በ2007 ባወጣችው ሕግ እስከ ጁላይ 17 ቀን 1974 የተወለዱትና ከ2008 መጀመሪያ ወዲህ የሚወለዱት የጉዲፈቻ ልጆች ሰነዳቸው እንዲከፈት ፈቀደች። በመካከል ያሉት ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚሆኑ ዓመታት ልጆች ተዘለሉ። ክፍተቱ የተደፈነው በ2022 ነው። («ዓ.ም.» ከተባለባቸው በቀር የዚህ ምዕራፍ ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ግዛቶች የጉዲፈቻ ሕግ ሲሻሻል ዜናው ብዙ ዓይነት ነው። ዛሬ ስለ ልደት ሰነድ፣ ነገ እናት ፈቃዷን ስለምትሰጥበት ሰዓት፣ ከነገ ወዲያ ስለ አባቶች መዝገብ ይወራል። ለየብቻ ሲታዩ ዝርዝራቸው ያደክማል። በዚህ ምዕራፍ የማሳየው ግን ሁሉም ከአንድ ጥያቄ የተቀዱ መሆናቸውን ነው፦ ልጁ አዲስ ቤተሰብ ሲያገኝ የፊተኛው ይሰረዛል ወይስ አዲሱ በላዩ ይጨመራል?

ሕጉ የማን ነው?

በምዕራፍ ሦስት የፌዴራሉ መንግሥትና ግዛቶቹ ሥልጣን እንዴት እንደተካፈሉ ስናይ፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ በግዛቶቹ ድርሻ ውስጥ እንደወደቁ አንስተን ነበር። ጉዲፈቻም ከእነዚሁ ጋር ነው። ዋሽንግተን ያለው ኮንግረስ «በአገሪቱ ጉዲፈቻ እንዲህ ይፈጸማል» የሚል አንድ ወጥ ሕግ አውጥቶ አያውቅም። ማን ማሳደግ እንደሚችል፣ ማን እንደሚፈቅድ፣ ፈቃድ መቼ እንደሚጸና፣ መዝገቡን ማን እንደሚያይ የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ነው።

ፌዴራሉ እጁን የሚያስገባው በተወሰኑ ቦታዎች ነው። በ1978 የወጣው የሕንዶች ልጆች ደኅንነት ሕግ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ከጎሣቸው ውጭ እንዳይበተኑ ይከላከላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 አጽንቶታል። በ1997 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በመንግሥት ጥበቃ ሥር ካሳለፈ፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር ግዛቱ የወላጆቹን መብት ለማቋረጥ ክስ እንዲመሠርት ያዛል። ውጭ አገር ተወልደው በጉዲፈቻ ለሚመጡ ልጆች ዜግነት የሚሰጠው ሕግም የፌዴራል ነው። የቀረው የግዛቱ ነው። ስለዚህ «በአሜሪካ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ…» ብሎ የሚጀምር ሰው «በየትኛው ግዛት?» ተብሎ ቢጠየቅ ትክክል ነው።

እድር የቀየረ ሰው

ጥያቄያችንን ለመረዳት አንድ የምናውቀውን ነገር እናንሳ። አንድ ሰው ከኖረበት ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር እድሩን ምን ያደርጋል? ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከቀድሞው እድር ስሙን አሰርዞ፣ ሂሳቡን ዘግቶ፣ በአዲሱ ሰፈር እድር መመዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ በቀድሞው ሰፈር ለቅሶ ቢኖር አይጠራም፤ እሱም ላይ ሐዘን ቢደርስ ድንኳኑ የሚመጣው ከአዲሱ ነው። ሁለተኛው መንገድ አዲሱን ገብቶ የቀድሞውንም አለመልቀቅ ነው። ሁለት መዋጮ አለበት፤ በሁለት ቦታ ይቀብራል፤ በሁለት ቦታም ይቀበራል። ቀኑ ከተጋጨበት ዛሬ የሚኖርበትን ያስቀድማል።

የጉዲፈቻ ሕጎችም በእነዚህ በሁለቱ ይከፈላሉ። ሕግ አዋቂዎች የመጀመሪያውን ሙሉ ጉዲፈቻ፣ ሁለተኛውን ቀላል ጉዲፈቻ ይሉታል። ልዩነቱ ጥንታዊ ነው፤ በስድስተኛው መቶ ዘመን የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ የሮማን ሕግ ሲያደራጅ ሁለቱን ለያይቶ አስቀምጧቸው ነበር። ፈረንሳይም በ1966 ባወጣችው ሕግ ሁለቱን ጎን ለጎን አኑራለች።

የእኛ ሕግ የሁለተኛው ወገን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ፣ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ የጉዲፈቻው ቤተሰብ እንደሚበልጥ ይናገራል። ሁለት እድር ነው፤ ሲጋጭ የሚቀድመውም ታውቋል።

የአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያውን መንገድ መረጡ፤ ከዚያም አልፈው ሄዱ። ስሙን ከቀድሞው እድር ማሰረዝ ብቻ አልበቃቸውም። የቀድሞውን ገጽ አንሥተው ቆለፉበት፤ በአዲሱ እድር መዝገብም ልጁን እድሩ ሲመሠረት ጀምሮ እንደነበረ አድርገው ጻፉት። ሉዊዚያና ትንሽ ታፈነግጣለች። ከፈረንሳይ የወረሰችው የሕግ ባህል ስላለ፣ በዚያ ግዛት የጉዲፈቻ ልጅ ከወለዱት ወላጆቹ የመውረስ መብቱን ዛሬም ይዞ ይቆያል። በሌሎቹ ግዛቶች ይህን የመሰለው መብት በአብዛኛው የለም።

ዳኛው የገባበት ዓመት

አሜሪካኖች ሕጋቸውን የወረሱት ከእንግሊዝ ነው፤ የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ግን ጉዲፈቻን ከነጭራሹ አያውቅም ነበር። በዚያ ሕግ ዘመድነት የደም ጉዳይ ነው፤ ርስትም በደም ይወርዳል። እንግሊዝ ራሷ የጉዲፈቻ ሕግ ያወጣችው በ1926 ነው። ይህ ዝርዝር ኋላ ስለሚያስፈልገን አንርሳው፦ ጉዲፈቻ በአሜሪካ የቆመው ምክር ቤቶች በጻፉት ሕግ ላይ ብቻ ነው።

ልጆች ግን ከሕጉ በፊትም ከቤት ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። ዘመድ ያሳድጋቸዋል፤ ወይም በሥራ ውል ለገበሬና ለባለሙያ ይሰጣሉ። ሚሲሲፒ በ1846፣ ቴክሳስ በ1850 ባወጡት ሕግ አሳዳጊው ሰነዱን ካስመዘገበ በቂ ነበር። ልጁ ይጠቀም ይጎዳ የሚጠይቅ አልነበረም።

ማሳቹሴትስ በ1851 ያወጣችው ሕግ ዳኛ አስገባ። ወላጆቹ በጽሑፍ መፍቀድ አለባቸው፤ ያገባ ሰው ከባለቤቱ ጋር አብሮ መጠየቅ አለበት፤ ዳኛውም አመልካቹ ልጁን ለማሳደግ እንደሚችልና ጉዳዩ ተገቢ መሆኑን ማመን አለበት። በዓለም ላይ የልጁን ጥቅም መካከል ላይ ያስቀመጠ የመጀመሪያው ዘመናዊ የጉዲፈቻ ሕግ እየተባለ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ሌሎች ግዛቶች ተከተሉት፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሁሉም ሕግ ነበራቸው።

ያ ሕግ ሌላም ነገር አደረገ። ወላጆቹ በልጁ ላይ የነበራቸው ሕጋዊ መብት ሁሉ እንዲቀር፣ ልጁም ለእነሱ ካለበት ግዴታ ነጻ እንዲሆን ደነገገ። ማሰረዙ የተጀመረው እዚህ ነው። ምስጢር ግን ገና አልነበረም፤ ጎረቤት ያውቃል፣ ልጁም ያውቃል፣ የፍርድ ቤቱም መዝገብ ለሁሉ ክፍት ነው።

ሕጉ ወረቀት ላይ በነበረበት ዘመን ሁሉም ልጅ በዳኛ ፊት አላለፈም። ከ1854 እስከ 1929 ባሉት ዓመታት የኒው ዮርክ በጎ አድራጊዎች 200,000 የሚያህሉ ልጆችን በባቡር ጭነው ወደ መካከለኛው ምዕራብ ላኩ። ባቡሩ በቆመበት ከተማ ገበሬዎች ተሰብስበው ልጅ ይመርጣሉ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በሕግ የማንም ልጅ ሳይሆኑ አደጉ።

ገጹ የተቆለፈበት ዘመን

በ1917 ሚኒሶታ ሁለት አዲስ ነገሮች አመጣች። ዳኛው ከመወሰኑ በፊት የአሳዳጊዎቹ ቤት እንዲመረመር አዘዘች፤ የጉዲፈቻ መዝገብንም ለሕዝብ ዘጋች። የተዘጋው ለወሬ አነፍናፊ ጎረቤትና ለጋዜጠኛ ነበር እንጂ ለባለጉዳዮቹ አልነበረም። ያኔ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ነውር ነበርና፣ መዝገቡ መዘጋቱ ልጁን ከስድብ ለማዳን ነው ተባለ።

ከ1930ዎቹ ጀምሮ ነገሩ ወደ ወረቀቱ ተሻገረ። ግዛቶች ጉዲፈቻ ሲጸድቅ ሁለተኛ የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት ጀመሩ። በዚህ ወረቀት ላይ እናት ተብላ የምትጻፈው አሳዳጊዋ ናት፤ እሷ እንደወለደችው ሆኖ ይነበባል። የፊተኛው ወረቀት ታሽጎ ይቀመጣል። በቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታት አብዛኞቹ ግዛቶች የታሸገውን ወረቀት ለልጁም ከለከሉ፤ ልጁ አድጎ ሽማግሌ ቢሆንም እንኳ። ካንሳስና አላስካ ብቻ ለአካለ መጠን ለደረሱ የጉዲፈቻ ልጆች በራቸውን ዘግተው አያውቁም።

ምስጢር ለማን ይጠቅም እንደነበር ለማየት ወደ ሜምፊስ እንሂድ። ጆርጂያ ታን የተባለች ሴት ከ1924 እስከ 1950 የቴኔሲ የልጆች ቤት ማኅበርን የሜምፊስ ቅርንጫፍ መራች። ከድሆች ቤትና ከአራስ እናቶች እቅፍ ልጆችን በማታለልና በማስፈራራት እየወሰደች፣ በኒው ዮርክና በካሊፎርኒያ ላሉ ባለገንዘቦች በከፍተኛ ክፍያ ታስተላልፍ ነበር። የልጆቹን ስምና ትውልድ በሰነድ ላይ ትለውጣለች። ነገሩ ይፋ በወጣበት በ1950 ሞተች፤ ለፍርድ አልቀረበችም። ቴኔሲ የዚያን ማኅበር ልጆች ሰነድ የከፈተችው በ1990ዎቹ ነው። መዝገብ ሲቆለፍ ከነውር የሚጠበቁ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፣ ከተጠያቂነት የሚያመልጡም አሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ባሉት ዓመታት ሥርዓቱ ከጫፍ ደረሰ። ሳታገባ ያረገዘች ወጣት ከቤቷ ርቆ ወዳለ የእርጉዞች ማረፊያ ትላካለች፤ ትወልዳለች፤ ልጁን ሰጥታ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች። ብዙዎቹ የፈረሙት ሌላ አማራጭ እንደሌላቸው ተነግሯቸው እንደነበር ኋላ መስክረዋል።

ቁልፉን የጠየቁ ሰዎች

ተቃውሞው የመጣው ካደጉት ልጆች ነው። ጂን ፔተን፣ ራሷ በጉዲፈቻ ያደገች የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ በ1953 ፈላጊና ተፈላጊ የሚገናኙበትን የመጀመሪያውን ድርጅት መሠረተች። ፍሎረንስ ፊሸር እናቷን ለሃያ ዓመት ከፈለገች በኋላ በ1971 የጉዲፈቻ ልጆች የነጻነት ንቅናቄን አቋቋመች። በ1976 ደግሞ ልጆቻቸውን የሰጡ እናቶች በሊ ካምፕቤል መሪነት በማሳቹሴትስ ተደራጁ።

ክርክሩ የተፋፋመው በኦሪገን ነው። በ1998 ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ በሰጠበት ውሳኔ ከመቶ 57ቱ ዕድሜው 21 የሞላ የጉዲፈቻ ልጅ የመጀመሪያውን ሰነዱን ያግኝ አሉ። ስማቸውን ያልገለጹ እናቶች «ምስጢራችን እንደሚጠበቅ ቃል ተገብቶልናል» ብለው ከሰሱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1999 ክሱን ውድቅ አደረገ። ያ አትርሱት ያልኩት ዝርዝር እዚህ ላይ ሚዛን ደፋ፦ ጉዲፈቻ ራሱ ሕግ አውጪው የፈጠረው ነገር ስለሆነ፣ ምስጢራዊነቱም በሕገ መንግሥት ሥር የሰደደ መብት ሊሆን አይችልም። ሕጉ በ2000 ሥራ ላይ ዋለ።

የእናቶቹ ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም፤ ስለ ቃል ኪዳኑ ማሰብ ይገባል። ሕጎቹን በቅርብ ያዩ ምሁራን የሚያነሱት አንድ ነጥብ አለ። ሰነዱ የሚታሸገው እናቲቱ ልጇን በሰጠችበት ቀን ሳይሆን ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት በጸደቀበት ቀን ነው። ልጁ አሳዳጊ ሳያገኝ በማሳደጊያ ቢያድግ የእናቱ ስም ያለበት ወረቀት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ማሸጊያው እናቲቱን ለመጠበቅ ቢሆን ኖሮ ከፈረመችበት ሰዓት መጀመር ነበረበት። በእድሩ አነጋገር፣ የቀድሞው ገጽ የተቆለፈው የቀድሞው እድር ጠይቆ አይደለም፤ አዲሱ እድር አባሉን ማንም መጥቶ እንዳይጠይቅበት ፈልጎ ነው።

ኦሪገን መካከለኛ መንገድም አበጀች። እናት «መገናኘት እፈልጋለሁ»፣ «በሌላ ሰው በኩል ይሁን» ወይም «አልፈልግም» ብላ የምትሞላው ቅጽ ከሰነዱ ጋር ይቀመጣል። ፍላጎቷ ይነገራል፤ ሰነዱ ግን አይከለከልም። ይህ አሠራር ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተዛመተ።

ከዚያ ወዲህ በሮቹ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ነው። አላባማ በ2000፣ ኒው ሃምፕሸር በ2005፣ ሜይን በ2009 ከፈቱ። ኒው ዮርክ ከ80 ዓመት በላይ ዘግታ የቆየችውን መዝገብ በጃንዋሪ 2020 ለማንኛውም 18 ዓመት ለሞላው ከፈተች። ኮነቲከት በ2021፣ ሉዊዚያና በ2022፣ ቬርሞንት በ2023 ተከተሉ። በመጀመሪያ የዘጋችው ሚኒሶታ በጁላይ 2024፣ ጆርጂያ በጁላይ 2025 ከፈቱ። ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚፈቅዱት ከ15 በላይ ደርሰዋል። ካሊፎርኒያ ዛሬም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ትጠይቃለች። የቴክሳስ ደግሞ የባሰ ግራ ያጋባል፦ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰነዱን ለማግኘት በሰነዱ ላይ የተጻፉትን ወላጆች ስም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለውጡን ያፋጠነው የሰው ክርክር ብቻ አይደለም። ዛሬ በፖስታ በሚላክ የዲኤንኤ ምርመራ ምራቁን የሰጠ ሰው የአጎቱን ልጅ ስም በሳምንታት ውስጥ ሊያገኝ ይችላል። ከዚያ አክስት፣ ከአክስት እናት ይደረሳል። የሚገርመው፣ ይህ መንገድ ለእናቲቱ ከተከፈተ ሰነድ ይልቅ አደገኛ ነው። ሰነዱ ስሟን ለልጇ ብቻ ይነግራል፤ የዲኤንኤው ፍለጋ ግን እሷ ሳትሰማ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ያዳርሳል።

ማሰረዙ ራሱ እንዴት ይፈጸማል?

እስካሁን ያየነው ስሙ ከተሰረዘ በኋላ ገጹን ማን ያያል የሚለውን ነው። ብዙዎቹ የሕግ ማሻሻያዎች ግን ከዚያ በፊት ያለውን፣ የማሰረዣውን ፊርማ ይመለከታሉ። ሙሉ ጉዲፈቻ ባለበት አገር ይህ ፊርማ የማይመለስ ነውና ሰዓቱ ከባድ ትርጉም አለው።

በማሳቹሴትስ እናት ከወለደች አራተኛው ቀን ሳይደርስ መፈረም አትችልም፤ ከፈረመች በኋላ ግን መመለስ የለም። በቴክሳስ 48 ሰዓት መጠበቅ አለባት። በካሊፎርኒያ፣ እናትና አሳዳጊዎች ያለ ድርጅት በቀጥታ በተስማሙበት ጉዲፈቻ፣ መብቷን አስቀድማ ካልተወች በቀር ሐሳቧን የምትለውጥበት 30 ቀን ተሰጥቷታል። አንዱ ግዛት የአራሷን ድካም አይቶ መነሻውን ያዘገያል፤ ሌላው ከፊርማው በኋላ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ወደ ምክር ቤቶች የሚመጡት ረቂቆች አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሰዓታትና ቀናት ላይ ይከራከራሉ።

አባትስ? ያላገባ አባት ለረጅም ዘመን ከቁጥር አይገባም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 በስታንሊና በኢሊኖይ ጉዳይ፣ ልጆቹን ያሳደገ አባት ሳይሰማ ልጆቹ ሊወሰዱ እንደማይገባ ወሰነ። ግዛቶች መልስ ሲፈልጉ የአባቶች መዝገብ አበጁ፤ ልጅ ወልጃለሁ ብሎ የሚያስብ ወንድ በጊዜው ይመዘገባል፤ ጉዲፈቻ ሲመጣ ይነገረዋል። በ1983 በሌርና በሮበርትሰን ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በኒው ዮርክ መዝገብ ላይ ያልሰፈረና ከልጁ ጋር ግንኙነት ያልመሠረተ አባት ባይነገረው መብቱ አልተነካም አለ። ስለ መዝገቡ ያልሰማ ወጣት አባት ልጁን ሊያጣ ይችላል።

ሦስተኛው የለውጥ መስክ ክፍት ጉዲፈቻ የሚባለው ነው። ወላጅ እናትና አሳዳጊዎቹ «ፎቶ እንልካለን»፣ «በዓመት ይህን ያህል ጊዜ እንገናኛለን» ብለው ይስማማሉ። ቀድሞ ይህ የሕሊና ጉዳይ ብቻ ነበር። ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግዛቶች በጽሑፍ የሰፈረና ዳኛ ያጸደቀው ስምምነት በፍርድ ቤት እንዲከበር ይፈቅዳሉ። ነገር ግን አሳዳጊዎቹ ቃላቸውን ቢያፈርሱ ጉዲፈቻው አይፈርስም። ከእድሩ ስሙ የተሰረዘ ሰው ለቅሶ እንዲደርስ ተፈቀደለት እንጂ መዝገቡ ላይ አልተመለሰም።

ሁለቱ ሕጎች ሲገናኙ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጉዲፈቻው እስከቆመበት ድረስ ከ15,000 በላይ ልጆች ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ በ2010 ብቻ 2,500 ያህሉ። ጉዲፈቻቸው የሚጸድቀው አዲስ አበባ ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ዝምድና አይቋረጥም በሚለው ሕግ ነበር። ልጁ የሚያድገው ግን ዝምድና ይቋረጣል በሚል ግዛት ነው።

አለመግባባቱ ከዚህ ይጀምራል። ልጇን ለመስጠት የተስማማች የገጠር እናት የምታውቀው ሁለት እድር የሚያስይዘውን ዓይነት ነው፦ ልጁ ሄዶ ይማራል፤ ይጽፋል፤ አንድ ቀን ይመጣል። ሰነዱን በሚኒሶታ ወይም በዋሽንግተን ግዛት የሚያነበው ዳኛ ዘንድ ግን እሷ ለልጁ በሕግ ባዕድ ናት። ማንም ባይዋሻት እንኳ ሁለቱ ሕጎች ለአንድ ፊርማ ሁለት ትርጉም ሰጥተውታል። በዚህ ላይ የሚዋሹ ደላሎች ሲጨመሩ ቁስሉ ጠለቀ።

ብዙ አሳዳጊዎች አሜሪካ ከገቡ በኋላ በግዛታቸው ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ደግመው ያጸድቃሉ፤ ግዛቱም አሳዳጊዎቹን ወላጅ አድርጎ የሚጽፍ የልደት ሰነድ ይሰጣል። ሲከፈቱ ያየናቸው ሕጎች ለእነዚህ ልጆች ብዙም አይረዱም፤ የመጀመሪያው ገጻቸው በኒው ዮርክ ወይም በቦስተን መዝገብ ቤት የለምና። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሄዱት ልጆች ታሪክ የሚገኘው በአዲስ አበባው የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ባሳደጋቸው ድርጅት ፋይልና በዘመድ ትዝታ ውስጥ ነው።

ሌላም ጉድ ወጣ። የሮይተርስ ዜና አገልግሎት በ2013 ባወጣው ምርመራ፣ ማሳደግ የከበዳቸው ሰዎች በጉዲፈቻ ያመጧቸውን ልጆች በኢንተርኔት እያስተዋወቁ ለማያውቁት ሰው ያስተላልፉ እንደነበር አጋለጠ። ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችም ነበሩበት። ማስተላለፊያው ብዙ ጊዜ ተራ የውክልና ወረቀት ነው፤ ከ1851 በፊት እንደነበረው፣ ዳኛ የለበትም። ዊስኮንሲን በ2014፣ አርካንሶ በ2015፣ ሌሎችም ተከትለው ይህን የሚከለክል ሕግ አወጡ።

የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070 አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ። በሩ ወደፊት ለሚሄዱት ተዘጋ፤ የሄዱት ግን ዛሬ ወጣቶችና ጎልማሶች ናቸው፤ ጥያቄያቸውን ይዘው እየመጡ ነው።

አዲስ ረቂቅ ሲያዩ

እንግዲህ ስለ አንድ ግዛት የጉዲፈቻ ሕግ ለውጥ የሰማ ሰው ነገሩን በሦስት ጥያቄዎች ሊመዝነው ይችላል። ለውጡ የሚነካው ስም የሚሰረዝበትን ፊርማ ነው፣ የተሰረዘውን ገጽ ማየትን ነው ወይስ ስረዛውን ራሱን? የሰነድ መክፈቻ ሕጎች ሁለተኛውን ይመልሳሉ። የፈቃድ ሰዓትና የአባቶች መዝገብ የመጀመሪያውን ይነካሉ። ክፍት ጉዲፈቻ በመካከል ይቆማል። በ1851 የተጻፈውን ሦስተኛውን፣ ስረዛውን ራሱን የነካ ግን እንደ ሉዊዚያና ካለ የውርስ አንቀጽ በቀር ብዙ አናገኝም። የኒው ዮርክ ጎልማሳ ዛሬ የእናቱን ስም ያነባል፤ በሕግ ፊት ግን እናቱ አይደለችም፣ ብትሞትም ወራሿ አይደለም።

ስረዛውን የሚያስቀረው ለውጥ የመጣው በጉዲፈቻ ሕግ በኩል አልነበረም። በ2008 የወጣ የፌዴራል ሕግ ግዛቶች ለአያት፣ ለአክስትና ለሌላ ዘመድ የሞግዚትነት ድጎማ እንዲከፍሉ ገንዘብ ፈቀደ። ሞግዚት ልጁን በሙሉ ሥልጣን ያሳድጋል፤ የእናቱና የአባቱ ስም ግን ከቦታው አይነሣም። ብዙ ቤተሰቦች ጉዲፈቻን ትተው ይህን እየመረጡ ነው። ቀጣዩ ምዕራፍ ስለ ሞግዚትነት ነው፤ በተለይም አያት የልጅ ልጇን ስታሳድግ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪሙና ዳኛው ምን ወረቀት እንደሚጠይቋት እናያለን።